የጨዋታ መዝገብዎ ግልባጭ አለው ወይ?

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቢሆኑም፣ ገና በትምህርት ላይ ያሉ ቢሆኑም፣ ከአንድ የመንግሥት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚለውን ቃል ሳያዩት አይቀሩም። ዋናው ደብዳቤ ለባለጉዳዩ ሲሄድ አንድ ቅጂ በመዝገብ ቤት ይቀራል። ይህም የሚደረገው ዋናው ቢጠፋ፣ ዝናብ ቢመታው ወይም አይጥ ቢበላው ጉዳዩ አብሮት እንዳይሞት ነው። ይህን ደንብ የማያውቅ ጸሐፊ የለም። ዳሩ ግን ይኸው ጸሐፊ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ጆይስቲኩን ከጨበጠ በኋላ ደንቡን ፈጽሞ ይረሳዋል። ስንት ሌሊት የደከመበት የጨዋታ መዝገብ በአንድ አሮጌ ማሽን ሆድ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ አንድም ግልባጭ ሳይኖረው ዓመታት ያልፋሉ።

«ምን ችግር አለው፤ ጨዋታ አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የጨዋታ መዝገብ እንደ ቤት ካርታ ወይም እንደ ትምህርት ማስረጃ የትም አይቀርብም። ነገር ግን ከመፍረድዎ በፊት በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቤት የደረሰውን ይስሙ።

የአባታችን ቡድን

ታላቅ ወንድሜና እኔ አንድ ያገለገለ የጨዋታ ማሽን ነበረን። ከእግር ኳሱ ጨዋታ ውስጥ አንድ ደካማ ቡድን መርጠን፣ ተራ በተራ እየተጫወትን፣ ከታችኛው ዲቪዚዮን ወደ ላይኛው ልናወጣው ተስማማን። ጨዋታው አዲስ ተጫዋች ፈጥሮ ስም ማውጣትን ይፈቅድ ስለነበር ወንድሜ አንድ ቀን በረኛውን በአባታችን ስም ሰየመው። ለጠጉሩ ትንሽ ሽበት ጨመረለት፤ ለቁመቱም አንድ ስንዝር ቸረው።

አባታችን ስለ ጌም ምንም የማያውቁ ሰው ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከሥራ ሲመለሱ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆመው «ዛሬስ ስንት ገባብኝ?» ብሎ መጠየቅ ልማዳቸው ሆነ። «አባባ፣ ሦስት ገባብዎት» ስንላቸው፣ «ተከላካዮቼ እናንተ ከሆናችሁ ምን ይደረግ!» ብለው ይስቁ ነበር።

ጊዜው አለፈ። ወንድሜ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄደ። አባታችንም ዐረፉ። ቡድኑን እኔ ብቻዬን እየመራሁ ቆየሁ፤ በሰባተኛው የውድድር ዘመን ሽበታሙ በረኛ ገና በጎሉ ሥር ቆሞ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ለማንሣት ስቸኩል እግሬ የኤሌክትሪኩን ገመድ ጠለፈና ማሽኑ ከጠረጴዛው ላይ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ አልበራም። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የራሴ ነው። ወደ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ጠጋኙ ከፍቶ ከመረመረው በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ሃርድ ዲስኩ ደኅና ነው፤ የተሰበረው ዋናው ቦርድ ነው» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «እንግዲያው ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ሌላ ማሽን ውስጥ ክተትልኝ» ብለው ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ እርሱ ብቻ በሚያውቀው ምስጢራዊ ቁልፍ ይቈልፈዋል። ሌላ ማሽን፣ ዓይነቱ አንድ ቢሆን እንኳ፣ ያን ዲስክ ቢሰጡት ማንበብ አይችልም፤ «ፎርማት ላድርገው ወይ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ሣጥኑ በእጄ ነበር፤ ቁልፉ ግን ከሞተው ማሽን ጋር ተቀብሮ ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ በእርስዎም ላይ እንዳይደርስ የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። ከሥራው በፊት ግን የምንገለብጠው ነገር ምን እንደ ሆነ እንወቅ።

መዝገቡ ምን ይዟል?

በልማድ «ሴቭ» የምንለው ነገር ጨዋታው ራሱ አይደለም። ጨዋታው በዲስክ ታትሞ የሚሸጥ ነው፤ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። ሴቭ ግን እርስዎ በጨዋታው ውስጥ የሠሩት ሥራ ማስታወሻ ነው፤ ይኸውም የደረሱበት ደረጃ፣ የሰበሰቡት ገንዘብ፣ ያሸነፉትና የተሸነፉት ግጥሚያ፣ ያወጡት ስም በቁጥር ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሴቭን «የጨዋታ መዝገብ» ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። የዚህ ዓይነቱን መዝገብ ከየትኛውም ሱቅ ገዝተው ሊተኩት አይችሉም፤ በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነውና።

መዝገብን የማቈየት ጥበብ እዚህ የደረሰው ብዙ መንገድ ተጕዞ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. በጃፓን አገር «ድራገን ኩዌስት» የሚባል ጨዋታ ወጣ። ጨዋታው ያለበት ካርትሪጅ የተጫዋቹን ሥራ የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ሊያቆም ሲል ማሽኑ 20 ፊደላት ያሉት የምስጢር ቃል በቴሌቪዥኑ ላይ ያሳየው ነበር። ተጫዋቹም ያን ቃል በደብተሩ ላይ ገልብጦ ይይዝና በማግሥቱ መልሶ ሲያስገባው ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የምስጢር ቃሉን እስከ 52 ፊደል አደረሰው። ከ52 ፊደል አንዱን አሳስቶ የጻፈ ልጅ በማግሥቱ የሚያገኘው ምን እንደ ሆነ እርስዎ ይገምቱ።

በዚያው በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሸጠው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የተባለው ጨዋታ ግን በካርትሪጁ ውስጥ ትንሽ ባትሪ ይዞ መጣ። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ መዝገቡን በሕይወት የሚያቈየው ያ ባትሪ ነበር። ደብተርና እርሳስ ቀረ። ነገር ግን ባትሪ ዕድሜ አለው፤ ባትሪው ያለቀ ዕለት መዝገቡም አብሮ ያልቃል።

በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. በጃፓን የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጨዋታውን የሚያነበው ከሲዲ ነው። በጨዋታው ሲዲ ላይ ሊጻፍበት ስለማይቻል መዝገቡ ሜሞሪ ካርድ በምትባል፣ ከማሽኑ ፊት በምትሰካ ትንሽ ነገር ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ካርዷ 128 ኪሎ ባይት ትይዛለች፤ ለተጫዋቹ የምትሰጠውም 15 ክፍል ብቻ ነው። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ካርዱን ወደ 8 ሜጋ ባይት አሳደገው፤ ይህም የቀድሞውን 64 ጊዜ ያህል ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ደግሞ የእነዚህን የሁለተኛውን ዓይነት ካርዶች የአንድ ሺህውን ሸክም ብቻውን ይሸከማል።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ፕሌይስቴሽን 3 ሲመጣ ካርዱ ቀረና መዝገቡ በማሽኑ ውስጥ ወዳለው ሃርድ ዲስክ ገባ። ቦታው ሰፋ፤ የካርድ መግዣ ገንዘብም ዳነ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጠፋ። የ1986ቱ ልጅ መዝገቡን በእጁ ይዞት ነበር፤ ሁለተኛ ቅጂ ቢፈልግ በእርሳሱ ይገለብጠው ነበር። የካርዱም ዘመን ልጅ መዝገቡን በኪሱ ይዞ ወደ ጓደኛው ቤት ይሄድ ነበር። የእኛ መዝገብ ግን ከዓይናችን ተሰውሮ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ያልታየም ነገር ይረሳል።

ፕሌይስቴሽን 3 በዓለም ላይ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በጃፓን ምርቱ የቆመው በ2017 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶችም ሆነ ከውጭ አገር ዘመድ በላከው ዕቃ ውስጥ የሚገኘው ሁሉ እንግዲህ ያረጀ ማሽን ነው። ያረጀ ማሽን ደግሞ ከመሞቱ በፊት ቀጠሮ አይሰጥም። ለዚህ ነው ምሳሌአችን እርሱ እንዲሆን የመረጥነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

በመጀመሪያ ከ32 ጊጋ ባይት ያልበለጠ ፍላሽ ያግኙ። ትልቅ ፍላሽ መግዛት አያስፈልግም፤ መዝገቦቹ ትንንሽ ናቸውና።

ሁለተኛ፣ ፍላሹ የተሰናዳበትን ሥርዓት ይመልከቱ። ፕሌይስቴሽን 3 የሚያውቀው «ፋት 32» የተባለውን ብቻ ነው። «ኤንቲኤፍኤስ» ወይም «ኤክስፋት» በተባለው ሥርዓት የተሰናዳ ፍላሽ ቢሰኩበት እንዳላየ ሆኖ ዝም ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ወይም «ፍላሹ ሞቷል» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ ሁለቱም ግን ደኅና ናቸው፤ ያልተግባቡት በቋንቋ ብቻ ነው። መድኃኒቱም ፍላሹን በኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ «ፎርማት» የሚለውን በመምረጥና ከሚቀርቡት ዓይነቶች መካከል ፋት 32ን በመምረጥ ማሰናዳት ነው። ፎርማት ማድረግ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው የክፍል ማስታወሻዎን፣ የሠርግ ፎቶግራፉን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ። አንዱን መዝገብ ለማዳን ሌላውን መግደል ብልኅነት አይደለም።

መገልበጥ

ፍላሹን በማሽኑ ፊት ካሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በአንዱ ይስኩት። ከዚያም በቴሌቪዥኑ ላይ ካለው ዋና ማውጫ «ጌም» ወደሚለው ረድፍ ይሂዱ። በዚያ ረድፍ ውስጥ «ሴቭድ ዳታ ዩቲሊቲ» የሚል ስም ያለው ፎልደር ያገኛሉ፤ የጨዋታ መዝገብ ቤት ማለት ነው። ሲከፍቱት መዝገቦችዎ በየጨዋታው ስምና ሥዕል ተዘርዝረው ይታያሉ።

የሚፈልጉትን መዝገብ መርጠው በጆይስቲኩ ላይ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክት ይጫኑ። በቀኝ በኩል ዝርዝር ይመጣል፤ ከዚያ ውስጥ «ኮፒ» የሚለውን ይምረጡ፤ የት ይቀመጥ ሲልዎ ፍላሹን ያመልክቱት። ጥቂት ይቈያል፤ ይጨርሳል። ሥራው ይኸው ነው። በዚህ መሐል ፍላሹን መንቀል፣ ማሽኑንም ማጥፋት ክልክል ነው፤ ጸሐፊ እየጻፈ ወረቀቱን ከእጁ እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። መብራት በሚመላለስበት ሰዓት ይህን ሥራ ባይጀምሩት ይሻላል።

ወደ ሌላ ፕሌይስቴሽን 3 ለማስገባት የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ሆኖ የተገላቢጦሽ ነው። ፍላሹን በሁለተኛው ማሽን ላይ ይስኩ፤ «ሴቭድ ዳታ ዩቲሊቲ»ን ሲከፍቱ የፍላሹ ምልክት በውስጡ ይታያል፤ እርሱን ከፍተው፣ መዝገቡን መርጠው፣ በሦስት ማዕዘኑ «ኮፒ» ይበሉት።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው መዝገብ የጠፋበትን አንድ ስሕተት ልንገርዎ። በመድረሻው ቦታ ላይ የዚያው ጨዋታ መዝገብ ቀድሞ ካለ ማሽኑ «በአሮጌው ላይ ልጻፍበት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ቸኩለው «አዎን» ካሉና አቅጣጫውን ከተሳሳቱ፣ ያለፈው ወር መዝገብ የትናንቱን ይውጠዋል። ስለዚህ «አዎን» ከማለትዎ በፊት የሁለቱንም ቀንና ሰዓት ያነጻጽሩ። የማሽኑ ሰዓት ባትሪ ያለቀ እንደ ሆነ ደግሞ ቀኑም ሊዋሽ ይችላልና፣ ማሽኑ ዛሬን ስንት ቀን እንደሚል መጀመሪያ ያረጋግጡ።

ሦስት እንቅፋቶች

የመጀመሪያው እንቅፋት የዲስኩ አገር ነው። በእኛ አገር የሚገኙት የጨዋታ ዲስኮች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከአሜሪካ፣ ሌላው ከአውሮፓ፣ ሌላው ከዐረብ አገር በሻንጣ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ መለያ ቁጥር አለው፤ የአሜሪካው ዲስክ መለያ ብዙውን ጊዜ «ቢ ኤል ዩ ኤስ» በሚሉ ፊደላት፣ የአውሮፓው «ቢ ኤል ኢ ኤስ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። መዝገቡም ያንኑ መለያ ይዞ ይጻፋል። ስለዚህ በአሜሪካው ዲስክ የተጫወቱትን መዝገብ ለአውሮፓው ዲስክ ቢሰጡት፣ የጨዋታው ስም አንድ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ «አላውቀውም» ይላል። ዲስኩ ሲሰበር ምትክ ከመግዛትዎ በፊት በሽፋኑ ላይ ያሉትን ፊደላት ያንብቡ።

ሁለተኛው እንቅፋት የተጠቃሚው ማንነት ነው። መዝገቡ በማን ስም እንደ ተጻፈ ማሽኑ ያውቃል። በሌላ ሰው ስም የተጻፈ መዝገብ ሲያስገቡ ብዙ ጨዋታዎች ያጫውቱዎታል፤ ነገር ግን «ትሮፊ» የሚባለውን ሽልማት ይከለክላሉ። አንዳንዶቹም ጭራሽ አይከፍቱም። ይልቁንም በፕሌይስቴሽን ቤት ለሚጫወቱ ሰዎች ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ በዚያ ያለው መዝገብ በቤቱ ባለቤት ስም የተጻፈ ሊሆን ይችላልና። የቤቱን ባለቤት አስፈቅደው መዝገብዎን በፍላሽ ቢይዙ ግን መልካም ነው፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ በእርስዎ መዝገብ ላይ የራሱን እንደማይጽፍበት ማን ዋስ ይሆናል?

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች መዝገባቸው እንዳይገለበጥ መከልከላቸው ነው። እንዲህ ያለውን መዝገብ ወደ ፍላሽ ኮፒ ላድርግህ ቢሉት እምቢ ይላል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ሴቲንግስ» ከሚለው ረድፍ፣ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ የሚገኘው «ባክአፕ ዩቲሊቲ» ነው። ይህ የማሽኑን ዕቃ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ ዲስኩም እንደ ፍላሹ በፋት 32 የተሰናዳ መሆን አለበት። ነገር ግን የተከለከሉት መዝገቦች የሚመለሱት ወደዚያው ወደ ራሱ ማሽን ብቻ ነው። ስለዚህ የውስጡ ሃርድ ዲስክ ቢበላሽ ያድንዎታል፤ ማሽኑ ራሱ ቢሞት ግን ለእነዚያ መዝገቦች አይረዳዎትም።

ሁለተኛው መንገድ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ 3.15 የተባለው ማሻሻያ ያመጣው «ዳታ ትራንስፈር ዩቲሊቲ» ነው። ሁለት ፕሌይስቴሽን 3 በኔትወርክ ገመድ ተገናኝተው የአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሚጋዝበት ሥርዓት ነው፤ የተከለከሉትንም መዝገቦች ያሻግራል። ማስጠንቀቂያው፣ የተቀባዩ ማሽን የቀድሞ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱም ማሽኖች በሕይወት መኖር አለባቸው። የሞተ ማሽን አያወርስም።

ወደ ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ለመሸጋገር ያሰቡ ካሉ ደግሞ ይህን ይወቁ፤ የፕሌይስቴሽን 3 መዝገብ በእነርሱ ላይ አይሠራም። ስለዚህ አዲስ ማሽን ገዛሁ ብለው አሮጌውን ሳይገለብጡ አይሽጡት።

የቆዩ ካርዶች ላሏችሁ

ከቁም ሣጥኑ በታች የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ወይም የፕሌይስቴሽን 2 ካርድ ያስቀመጡ አንባቢዎች አይዘኑ። ፕሌይስቴሽን 2 በሁለቱ የካርድ ቀዳዳዎች መካከል መዝገብ ይገለብጣል፤ ሁለተኛ ካርድ ከተገኘ ግልባጭ ማውጣት ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን መዝገብ በፕሌይስቴሽን 2 ካርድ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ግን ለማቈየት ያህል ነው እንጂ አሮጌው ጨዋታ ከዚያ ላይ አያነበውም፤ ለመጫወት መልሶ ወደ ትንሿ ካርድ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ወደ ፍላሽ ለማምጣት ደግሞ ፕሌይስቴሽን 3 ድልድይ ይሆናል። ካርዱን በአንድ ወገን፣ የዩኤስቢ ገመድን በሌላ ወገን የሚቀበል የካርድ አስማሚ ለፕሌይስቴሽን 3 ተሠርቶለት ነበር። አስማሚውን ያገኘ ሰው የካርዱን መዝገብ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑም ወደ ፍላሽ ማሸጋገር ይችላል። የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ዲስኮች ሁሉም ፕሌይስቴሽን 3 ስለሚያጫውታቸው መዝገቡ እንደ ገና በሥራ ላይ ይውላል። የፕሌይስቴሽን 2ን ዲስኮች የሚያጫውቱት ግን ከቀደሙት ሞዴሎች አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው።

ግልባጩን የት እናኑረው?

ፍላሽ በቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ በታክሲ ውስጥ የሚረሳ፣ በሱሪ ኪስ ውስጥ ሆኖ የሚታጠብ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ ግልባጭ አይበቃም። ፍላሹን በኮምፒዩተር ላይ ሲከፍቱት «ፒኤስ 3» የሚል ፎልደር፣ በእርሱም ውስጥ «ሴቭዳታ» የሚል ሌላ ፎልደር ያገኛሉ። ይህን እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልብጡት። ስሙን አይለውጡ፤ በውስጡ ያሉትንም አይነካኩ፤ ማሽኑ መዝገቡን የሚፈልገው በዚያው ስምና በዚያው ቦታ ነውና። አንድ ቀን ወደ ባዶ ፍላሽ ሲመልሱትም ልክ እንደ ነበረ አድርገው ይመልሱት። ፍላሹ በየሰው ኮምፒዩተር ላይ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ፎልደር የሚደብቅ ቫይረስ ሊይዘው ይችላልና፣ ለመዝገብ የሚሆነውን ፍላሽ ለብቻው ቢለዩት ይመረጣል።

በመጨረሻም ግልባጩ እውነተኛ ግልባጭ መሆኑን ይፈትኑ። ያልተነበበ ቅጂ እንዳልተቀዳ ይቆጠራል። የጓደኛዎን ማሽን ለአሥር ደቂቃ ተውሰው መዝገቡን ያስገቡና ጨዋታው ሲከፈት በዓይንዎ ይዩ።

በመሳቢያው ውስጥ የተገኘው

ማሽኑ የወደቀ ዕለት ማታ ወንድሜ ከውጭ አገር ደወለ። እንደ ልማዱ ከሰላምታው በኋላ፣ «ጋሼ በረኛው እንዴት ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ነገሩን ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ከመሄዴ በፊት ጓደኛዬ ቤት ልጫወትበት ብዬ በፍላሽ ወስጄው ነበር። ፍላሹን የተውኩት የትምህርት ማስረጃዬ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ይመስለኛል» አለ።

ሄጄ አየሁ። ከአንድ ቡናማ ፖስታ ሥር፣ ክዳኑ የጠፋ ትንሽ ፍላሽ ነበር። እርሱን ይዤ፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ወዳገኘሁት ሌላ ያገለገለ ማሽን ሄድሁ። «ሴቭድ ዳታ ዩቲሊቲ»ን ከፈትሁ፤ ኮፒ አልሁት፤ ዲስኩን አስገባሁ። ጨዋታው ተከፈተ። ቡድኑ በሦስተኛው የውድድር ዘመን ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የተጫወትኋቸው አራት ዘመናት፣ አባታችን ካረፉም በኋላ ብቻዬን የደከምሁባቸው ግጥሚያዎች ሁሉ የሉም። በጎሉ ሥር ግን ሽበታሙ በረኛ፣ አንድ ስንዝር የተጨመረለት፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

ወንድሜ ለሌላ ጉዳይ፣ ሳያስብበት የወሰዳት ያቺ ግልባጭ ሦስቱን ዘመናት አዳነች። እኔ እያሰብሁ ያልወሰድሁት ግልባጭ አራቱን አጠፋ። የሁለቱ ልዩነት ገንዘብ አይደለም፤ ዕውቀትም አይደለም፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የእርስዎ ማሽን ዛሬ ማታ ገና ይበራል። አዝራሩን ሲጫኑ ድምፁን ያሰማል፤ መብራቱም ይታያል። ከመጫወትዎ በፊት ፍላሹን ይስኩ። በኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ይጠቅማል?